የሌዘር መቀመጫ፦ በምን ይጽዳ፣ ምን ይቀባ?

የሌዘር ወንበር ያለው መኪና የያዘ ሰው አንድ ቀን መደርደሪያ ፊት ቆሞ ግራ መጋባቱ አይቀርም። አንዱ ጠርሙስ «አጸዳለሁ» ይላል። ሌላው «አለሰልሳለሁ» ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እሠራለሁ ባይ ነው። አራተኛው ወንበሩን እንደ መስታወት አብለጨልጫለሁ ይላል። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ የወይራ ዘይት፣ አቼቶ ወይም ቤኪንግ ሶዳ ሞክር የሚል ወዳጅ አይጠፋም።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ለአብዛኛው የዛሬ መኪና ወንበር ዋናው ማጽጃው ነው። ኮንዲሽነር፣ ማለትም ማለስለሻው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ማብለጭለጭ ደግሞ ጭራሽ ግብ መሆን የለበትም። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ሌዘር አያብለጨልጭም፤ ደብዘዝ ያለ ነው። ወንበራችሁ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ የሆነ ነገር ተቀብቷል፣ ወይ የሰው ወዝና አቧራ ተጋግሮበታል፣ ወይ የላይኛው ሽፋን በመቀመጥ ብዛት ተፍቆ ልሟል። በብዛት የሚያጋጥመው ሁለተኛው ነው። ባለቤቱ ግን «ሌዘሩ ገና ወዝ አለው» ብሎ ይደሰታል። መሪውንም እዩት። በአዲስነቱ ደብዛዛ የነበረው የቆዳ መሪ ከጊዜ በኋላ የሚያብለጨልጨው በእጃችን ቅባት ነው።

መጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ

ምርጫው ከጠርሙሱ ሳይሆን ከወንበሩ ይጀምራል። «ሌዘር» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና።

በብዙ መኪና ውስጥ ያለው ቅብ ያለው ሌዘር ነው። ቆዳው ይለፋል፣ ይቀለማል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ቀለም የያዘ ንጣፍ ይቀባል። በመጨረሻም ግልጽ የሆነ የፖሊዩሬታን (የፕላስቲክ ዓይነት) ሽፋን ይደረግበታል። እናንተ የምትነኩት ያንን ሽፋን እንጂ ቆዳውን አይደለም። የምታጸዱትም እሱን ነው። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ቀሪውን ምርጫ በራሱ መድረስ ይችላል።

ሁለተኛው አኒሊን ይባላል። በቀለም ተነክሯል እንጂ ይህ ነው የሚባል ሽፋን የለውም። የቆዳው የተፈጥሮ ጠባሳና የፀጉር ቀዳዳ ይታያል። ሲነኩት ሞቅ ያለና ለስላሳ ነው። ግን ውኃም፣ ዘይትም፣ ላብም በቀጥታ ይገባበታል። ለዚህ ነው በመኪና ላይ እምብዛም የማይገኘው። በሁለቱ መሐል ከፊል አኒሊን አለ፤ ስስ ሽፋንና ጥቂት ቀለም ያለው። ውድ በሆኑ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይህንን ነው።

ከዚያ ጭራሽ ሌዘር ያልሆነው ይመጣል። መርሴዲስ ኤምቢ-ቴክስ፣ ቶዮታ ሶፍቴክስ፣ ቢኤምደብሊው ሴንሳቴክ የሚሏቸው ሁሉ ሰው ሠራሽ ናቸው። ይህን ስድብ አታድርጉት። ጥሩ ሰው ሠራሽ መቀመጫ ከመካከለኛ ሌዘር የበለጠ ዕድሜ ሲኖረው ይታያል፤ ለማጽዳትም ይቀላል። ችግሩ ሰው ሳያውቅ የሌዘር ኮንዲሽነር መቀባቱ ነው። ፕላስቲክ ኮንዲሽነሩን አይጠጣውም። የተቀባው ከላይ ቀርቶ አቧራ ይለቅማል።

አልካንታራም ሌዘር አይደለም። በፈረንጆቹ 1970 አካባቢ የጃፓኑ የቶሬይ ኩባንያ ባለሙያ ሚዮሺ ኦካሞቶ የፈለሰፈው ከፖሊስተርና ከፖሊዩሬታን የሚሠራ ጨርቅ ነው። እሱ ላይ ክሬም፣ ዘይት፣ ሰም አታስጠጉ። ለስላሳ ብሩሽና በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

አሁን እንዴት ይለያል? ከወንበሩ የማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከጀርባው ሥር፣ አንድ ጠብታ ውኃ ጣሉ። ጠብታው ሳይለወጥ ድቡልቡል ሆኖ ከቆመ ቅብ ያለው ሌዘር ነው፤ ወይም ሰው ሠራሽ ነው። ወዲያው ገብቶ ቦታውን ካጠቆረው አኒሊን ነው። ቀስ ብሎ ከገባ ወይ ከፊል አኒሊን ነው፣ ወይ ሽፋኑ የተበላ ቅብ ሌዘር ነው። ሌዘርን ከሰው ሠራሽ ለመለየት ደግሞ ከወንበሩ ሥር የተቆረጠ ጠርዝ ፈልጉ። የሌዘር ጀርባ ክር ክር የሚል፣ ጸጉራም ቆዳ ነው። የሰው ሠራሹ ጀርባ ሽመና ያለው ጨርቅ ነው። ሽታ ላይ አትተማመኑ፤ የሌዘር ሽታ በጠርሙስ ይሸጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ብዙ «የሌዘር ወንበሮች» ሌዘር የሆኑት ሰው በሚቀመጥበትና በሚደገፍበት ፊት ብቻ ነው። ጎኑ፣ ጀርባው፣ የበሩ ልባጥ ሰው ሠራሽ ነው። ስለዚህ አንድ ወንበር ላይ ሁለት ዓይነት ነገር ልትይዙ ትችላላችሁ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ይጽፈዋል። ማንም አያነበውም እንጂ።

ማጽጃዎቹ ሲወዳደሩ

ከሁሉ የሚናቀውና ከሁሉ የሚጠቅመው እርጥብ ጨርቅ ነው። ንጹሕ ማይክሮፋይበር፣ ንጹሕ ውኃ፣ በደንብ መጭመቅ፣ መጥረግ፣ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ ጠርሙስ አያስፈልገውም። ምክንያቱም ሽፋኑን የሚበላው በዋናነት አቧራና ላብ ነው። ወንበሩ ላይ ያለ ደቃቅ አሸዋ በተቀመጥን ቁጥር በልብሳችንና በሽፋኑ መሐል ሆኖ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። የላብና የቆዳ ቅባት ደግሞ ቀስ በቀስ ሽፋኑን ያለሰልሰዋል። የሹፌሩ ወንበር ውጪያዊ ጎን ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ስንገባና ስንወጣ የምንንሸራተተው እሱ ላይ ስለሆነ ነው።

እርጥብ ጨርቅ የማይችለው የቆየ ወዝ ነው። እዚያ ላይ ማጽጃ ያስፈልጋል።

ለሌዘር ተብሎ የተሠራ ማጽጃን ከሌላው የሚለየው ዋናው ነገር ፒኤች ነው፤ የአሲድነት መለኪያ ማለት ነው፣ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ አልካላይ። የለፋ ቆዳ በተፈጥሮው ጥቂት አሲድነት አለው፤ ከ4 እስከ 5 አካባቢ። ጥሩ የሌዘር ማጽጃ ወደዚያ ወይም ወደ 7 የተጠጋ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ከ8 በላይ ነው። የተለመደ ደረቅ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ለሁሉም ተብለው የሚሸጡ ኃይለኛ ማጽጃዎች 11 እና ከዚያም በላይ ይገኛሉ። ቅብ ያለው ሌዘር አንድ ቀን በኃይለኛ ማጽጃ ስለተጠረገ አይሞትም። በተደጋጋሚ ሲሆን ግን ፈሳሹ በስፌቱና በተፋቀው በኩል ይገባል። ቆዳው ይደርቃል፤ ሽፋኑም መላቀቅ ይጀምራል። ላቫጆ ውስጥ ለጎማና ለሞተር የሚጠቀሙበትን ፈሳሽ ወንበሩም ላይ ሲረጩት ካያችሁ አስቁሙ።

ከልዩ ማጽጃዎቹ መካከል ሁለት የታወቁ ስሞች ልጥቀስ። ሌክሶል ለረጅም ጊዜ የቆየ ነው፤ ማጽጃውና ኮንዲሽነሩ በተለያየ ጠርሙስ ይመጣሉ። የጀርመኑ ከለርሎክ ለስላሳና ጠንካራ የተባሉ ሁለት ማጽጃዎች አሉት። እኔ ይህ አከፋፈል ይመቸኛል። ለስላሳው ለመደበኛ ጽዳት፣ ጠንካራው ለተጋገረ ቆሻሻ ነው። ሁልጊዜ ከለስላሳው ጀምሩ። ጠንካራውን ለአኒሊን አታስቡት። ሌላ ምርት ብትገዙም ደንቡ አይለወጥም። ጠርሙሱ ላይ ለሌዘር የተሠራ መሆኑን፣ የፒኤች መጠኑን፣ ለየትኛው ዓይነት እንደሆነ ካልጻፈ እለፉት።

የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናስ? ለሰው ሠራሽ ወንበር ጥሩ ነው። ቅብ ላለው ሌዘርም በብዙ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ተደርጎ አንዳንዴ ያወጣል። በኋላ በንጹሕ ውኃ መጥረግ የግድ ነው። ካልሆነ የቀረው ሳሙና ቆሻሻ ይይዛል። እንደ ልማድ ግን አልመክረውም፤ ቅባት ለመፍታት የተሠራ ነውና ስፌቱ ውስጥ ሲገባ ቆዳው ውስጥ ያለውንም ቅባት ይወስዳል።

የኮርቻ ሳሙና የሚባለው ደግሞ ስሙ ያታልላል። ለኮርቻና ለቦት ጫማ ነው የተሠራው። ያ ወፍራም፣ ቅብ የሌለው ቆዳ ነው። የመኪና ሌዘር ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይዘል ስስ ነገር ነው፤ ላዩም በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። ሳሙናው ወደ አልካላይ ያደላል፤ ሰምና ቅባትም ይተዋል። ቦታው አይደለም።

የሕፃናት መጥረጊያ ሶፍት ለድንገተኛ ነገር ይሆናል። ወተት ፈሰሰ፣ ቸኮሌት ተቀባ፣ መንገድ ላይ ናችሁ፤ ጥረጉበት። ለየሳምንቱ ጽዳት ግን አይደለም። ቆሻሻውን ከማንሳት ይልቅ ያሰራጨዋል፤ የራሱንም ቅሪት ይተዋል።

አቼቶ በጣም አሲድ ነው። ወደ 2.5 ይጠጋል። የአቼቶና የወይራ ዘይት ድብልቅ በየቦታው ይመከራል። እኔ የምለው ሰላጣ ላይ ይቅር ነው።

ነጩ ሜላሚን ስፖንጅ ከሁሉ አታላይ ነው። በአንድ ጊዜ ጥርግ ሲያደርግ ታያላችሁ፤ በውኃ ብቻ ነው ደግሞ። የሚያጸዳው ግን በጣም ደቃቅ በሆነ መንገድ እየፋቀ ነው። ከቆሻሻው ጋር የላይኛውን ሽፋን ይወስዳል። ስፖንጁ ላይ የወንበሩ ቀለም ከታየ አልፏል። ጠንከር ላለ ሰው ሠራሽ ወለል ቀስ ብሎ ይሞከር ይሆናል። ለሌዘር አይሆንም።

እንፋሎት ላይ ሰው ይከራከራል። ቆሻሻ ያነሳል፣ ጀርም ይገድላል፣ ኬሚካል የለውም። ይህ እውነት ነው። ግን ከማሽኑ የሚወጣው ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ቆዳ ደግሞ ረጥቦ ሲሞቅ ይኮማተራል። በክሮም (በክሮምየም ጨው) የለፋ ቆዳ ወደ 100 ዲግሪ ሊቋቋም ይችላል። ያለ ክሮም የለፋው ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ይሸነፋል። ዛሬ ብዙ የመኪና ሌዘር ያለ ክሮም ነው የሚለፋው፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም። ስለዚህ እንፋሎትን ለጨርቅና ለሰው ሠራሽ አስቀምጡት። አንድ ባለሙያ ማሽኑን በማይክሮፋይበር ጠቅልሎ፣ ሳይቆም እያንቀሳቀሰ ቢጠቀምበት ላይጎዳ ይችላል። አንድ ቦታ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ቢዘገይ ግን የተኮማተረ ሌዘር ወደ ቦታው አይመለስም።

እጅ ሥራው

ጥሩ ማጽጃ በመጥፎ አሠራር ይበላሻል። መጀመሪያ በቫኪዩም፣ ለስላሳ ብሩሽ ያለውን አፍ ገጥማችሁ፣ በተለይ ስፌቱንና የመቀመጫውን ማጠፊያ ምጠጡ። ይህን የዘለለ ሰው አሸዋውን በማጽጃ አርጥቦ ወንበሩን እየፋቀ ነው።

ማጽጃውን ወንበሩ ላይ አትርጩ። ብሩሹ ወይም ስፖንጁ ላይ አድርጉት፤ አረፋ እስኪያወጣ እሹት። ሥራውን አረፋው ይሠራል። የፈረስ ጸጉር ብሩሽ ለቅብ ሌዘር ተስማሚ ነው፤ ቆሻሻው በቆዳው ሸንተረር ውስጥ ስለሚደበቅ ጨርቅ ብቻውን አያወጣውም። ለአኒሊን ግን ጨርቅ ብቻ ይሁን። መሰርሰሪያ ላይ የሚገጠም ብሩሽ ለምንጣፍ ነው፤ ሌዘር ላይ እንዳታመጡት። አንድ አንድ ክፍል እየያዛችሁ ሥሩ፤ አረፋው ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ አንሱ፣ አድርቁ። ጨርቁ ላይ ቡናማ ነገር ሲወጣ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ወዝ ነው። የወንበሩ ቀለም ከሆነ ግን አቁሙ።

ጸሐይ ላይ የዋለ ወንበር ላይ አትጀምሩ። ማጽጃው ሳይሠራ ይደርቅና ምልክት ይተዋል። መጀመሪያ ጥላ ይምጣ፣ ይቀዝቅዝ።

ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ወንበር ለብቻው መታየት አለበት። ከሥሩ ማራገቢያ ወይም ማሞቂያ ሊኖር ይችላል። በብዙ መኪና የፊት ተሳፋሪው ወንበር ውስጥ ደግሞ ሰው መቀመጡን ለኤርባጉ የሚናገር መቆጣጠሪያ አለ። ፈሳሽ ወደ ውስጥ ከገባ ጣጣው ከቆሻሻ ይበልጣል። ብሩሹ እርጥበት እንጂ ፈሳሽ አይያዝ። ክሬምም ቢሆን ጨርቅ ላይ ስስ ተደርጎ ነው የሚቀባው፤ ካልሆነ ቀዳዳዎቹ በነጭ ነጠብጣብ ይሞላሉ፤ ያንን በስንጥር አንድ በአንድ ማውጣት የትዕግሥት ፈተና ነው።

ኮንዲሽነር፦ ለማን፣ የትኛው?

«ሌዘር ካልተመገበ ይሰነጠቃል» የሚባለውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ቆዳው የሞተ ነው፤ አይመገብም። እንዲለሰልስ የሚያደርገው ቅባት በፋብሪካ፣ በሚለፋበት ጊዜ ነው የገባው። ያ ቅባት ለዓመታት ይቆያል። ከላይ የምትቀቡት በፖሊዩሬታኑ ሽፋን ውስጥ አልፎ ብዙም አይደርስም። በስፌት፣ በቀዳዳ፣ በተፋቀና በተሰነጠቀ በኩል ጥቂት ይገባል። ታዲያ ኮንዲሽነር ከንቱ ነው? አይደለም። ቅብ ላለው ሌዘር ጥቅሙ ሽፋኑ ላይ ነው። ሰበቃን ይቀንሳል፣ ከቀለምና ከላብ ይከልላል፣ ጥሩዎቹ ከአልትራቫዮሌት ጨረር መከላከያ አላቸው። የመጣው ችግር ግን ቆሻሻ ከሆነ ኮንዲሽነር ቆሻሻውን ከማሸግ በቀር ምንም አይሠራም።

በውኃ ላይ የተመሠረተው ክሬም ወይም ሎሽን ለብዙ ሰው ትክክለኛው ምርጫ ነው። ስስ ነው፣ ይደርቃል፣ ደብዛዛውን መልክ አይለውጥም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ጸሐይ በሚበዛበት ቦታ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይበቃል። ከተቀባ በኋላ ወንበሩ የሚያጣብቅ ከሆነ በዝቷል ማለት ነው፤ በደረቅ ጨርቅ አንሱት።

የእንስሳ ቅባቶቹ፣ ማለትም ከከብት እግርና ቅልጥም የሚወጣው የኒትስፉት ዘይት፣ የሚንክ ዘይት፣ ከበግ ፀጉር የሚገኘው ላኖሊን፣ ለቅብ አልባ ቆዳ የተፈጠሩ ናቸው። ቦት ጫማና ኮርቻ ይወዷቸዋል። የመኪና ወንበር ላይ ግን የማይገባው ዘይት ከላይ ይቀራል። የገባው ደግሞ ቆዳውን ያጠቁራል፤ ከመጠን በላይ ካለሰለሰው ቆዳው ይለጠጣል። ነጣ ያለ ወንበር ያለው ሰው ጨርሶ ባይነካቸው ይሻላል።

የወይራና የኮኮናት ዘይት ጉዳይ አጭር ነው። የወይራ ዘይት በሙቀት ውስጥ ይበላሻል፣ ይሸታል፣ ያጣብቃል። የኮኮናት ዘይት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ሲሞቅ ይቀልጣል። ቫዝሊንም አይገባም፤ ልብስ ግን በደንብ ያበላሻል።

ሲሊኮን ያለባቸው አብለጭላጭ ስፕሬዮች ትልቅ ገበያ አላቸው። ዳሽቦርድ ላይ ለሚፈልግ ሰው ይሁን። ወንበር ላይ ግን ያንሸራትታሉ፣ አቧራ ይስባሉ። የባሰው ወደፊት ወንበሩ መቀለም ሲፈልግ ቀለሙ አልይዝ ይላል። ባለሙያዎች ቀለም ከመቀባታቸው በፊት ሲሊኮን ለማንሳት ሲታገሉ ይውላሉ። መሪ፣ ማርሽና ፔዳል ላይ ይህን መርጨት ደግሞ የአደጋ ግብዣ ነው።

«ሁለት በአንድ» የሚባሉት ማጽጃና ኮንዲሽነር ድብልቅ ናቸው። ስንፍናን የሚረዱ ስለሆኑ አልጠላቸውም። ንጹሕ ሆኖ የሚኖርን ወንበር በየወሩ ለማደስ ጥሩ ናቸው። በደንብ ለቆሸሸ ወንበር ግን ሁለቱንም ሥራ በግማሽ ነው የሚሠሩት። ቆሻሻውን ሳያነሱ ያለሰልሱታል።

የሴራሚክ ሽፋን የሚባለው አዲሱ ምርጫ ነው። በጣም ስስ መከላከያ ሆኖ ይደርቃል፤ ፈሳሽ እንዲንከባለል፣ የጅንስ ቀለም እንዳይዝ ያግዛል። የሚሠራው ቅብ ባለው ሌዘርና በሰው ሠራሽ ላይ ነው። ወንበሩ አዲስ ሳለ ወይም ጥልቅ ጽዳት ከተደረገለት በኋላ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቆሻሻን ነው የምታሽጉት። ከሱ በላይ ኮንዲሽነር መቀባት ትርጉም የለውም። ከሽፋኑ አያልፍምና።

አሮጌ መኪኖች ሌላ ዓለም ናቸው። በፈረንጆቹ ከ1980ዎቹ በፊት የነበረው የመኪና ሌዘር ብዙ ጊዜ የናይትሮሴሉሎስ ላከር (ቫርኒሽ መሰል ቅብ) ነበር የሚቀባው። ላከሩ ከዛሬው ፖሊዩሬታን የበለጠ ይደርቃል፤ ይሰነጣጠቃልም። ለሮልስ ሮይስና ለጃጓር ቆዳ ያቀርብ የነበረው የእንግሊዙ ኮኖሊ የራሱ የቆዳ ቅባት ነበረው። ለነዚህ ወንበሮች ኮንዲሽነር እውነትም ዋና ነገር ነው። ሌዘሪክ የሚባለው ምርት የሚሠራበት መንገድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፦ ዘይቱ በብዛት ይቀባል፣ መኪናው ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ይተዋል፣ ከዚያ በሁለተኛው ፈሳሽ የወጣው ቆሻሻ ይታጠባል። የደረቀ አሮጌ ቆዳ ሲለሰልስ ይታያል። የሦስት ዓመት መኪና ላይ ይህን ሁሉ መድከም ግን ትርፉ ድካም ነው።

ዕድፍና ስንጥቅ

የጅንስ ቀለም ነጣ ባለ ወንበር ላይ ከታየ ዛሬውኑ አጽዱት። ሲቆይ ወደ ሽፋኑ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚያ ማንም ማጽጃ አያወጣውም። ለስላሳ ማጽጃ፣ ከዚያ ጠንካራው፣ በየመሐሉ ማድረቅ። እንቢ ካለ የሚቀረው መቀለም ነው።

እስክሪብቶ ከሁሉ አስቸጋሪ ነው። አልኮል ያነሳዋል፤ ቀለሙንም ሽፋኑንም አብሮ ሊያነሳ ይችላል። የፀጉር ስፕሬይ የሚመከረው ውስጡ አልኮል ስላለ ነው፤ የሚያጣብቅ ነገርም ጨምሮ ይተዋል። ለሌዘር የተሠራ የቀለም ማጥፊያ ብዕር ይሞከር፤ ቀለሙ በደረቀ ቁጥር ተስፋው ይቀንሳል። አሴቶንና በረኪና አጠገቡም አይድረሱ። ማስቲካ ከሆነ በፕላስቲክ የተጠቀለለ በረዶ አድርጉበት፤ ሲደርቅ በጣት ይነሳል። አኒሊን ላይ ዘይት ከፈሰሰ ውኃ አታስነኩ፤ የበቆሎ ዱቄት ነስንሳችሁ እስኪመጥ አሳድሩት፣ በማግስቱ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት።

ስንጥቅን ግን ምንም ኮንዲሽነር አይዘጋውም። ጠርሙሱ ላይ ያለው «በፊትና በኋላ» ፎቶ የሚያሳየው ዘይት ያጠቆረውን ስንጥቅ ነው። መፍትሔው ጥገና ነው፦ በአልኮል ማጽዳት፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ በመሙያ መሙላት፣ መቀለም፣ መሸፈን። ሽፋኑ ብቻ ለተላጠበት ትንሽ ቦታ የቀለም ማደሻ ገዝቶ በስፖንጅ ራስን መሞከር ይቻላል፤ ዋናው ፈተና ቀለሙን ማመሳሰል ነው። ስንጥቁ ጠልቆ ክር መሰሉ የቆዳው ውስጥ ከታየ፣ ስፌት ከተለቀቀ፣ ወይም ቦታው ሰፊ ከሆነ ለባለሙያ ስጡ።

እንግዲህ ለማን የቱ?

አዲስ መኪና፣ ነጣ ያለ ወንበር ካላችሁ ገንዘባችሁን ከመጀመሪያው መከላከያ ላይ አውሉ። ሴራሚክ ወይም ጥሩ መከላከያ ክሬም፣ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ በየሳምንቱ። ለስላሳ ማጽጃ በየሁለት በየሦስት ወሩ። ሌላ ነገር አትግዙ።

ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ጥቁሩ ወንበር እንደ ዘይት ካብለጨለጨ ኮንዲሽነሩን ለጊዜው እርሱት። ጠንካራ ማጽጃና ብሩሽ ነው የሚያስፈልጋችሁ። አንድ ጊዜ ላይበቃ ይችላል፤ ወንበሩ ደብዛዛ እስኪሆን ድገሙት። ከዚያ በኋላ የሚታየው እውነተኛው ሁኔታ ነው። ብዙ ጊዜ ያስደስታል። አንዳንዴ ደግሞ ወዙ ደብቆት የነበረው ስንጥቅ ብቅ ይላል።

ሕፃናት ወይም ውሻ ለሚጭን ሰው ሰው ሠራሽ ወንበር በረከት ነው። ሌዘር ከሆነባችሁ «ሁለት በአንድ» ጠርሙስና ማይክሮፋይበር መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። የሕፃን ወንበር ሥር የሚገባ መከለያ ንጣፍም አትርሱ፤ ለወራት ሳይነሳ የቆየ የሕፃን ወንበር የሚተወውን ጉድጓድ ማንም ክሬም አይመልሰውም።

አኒሊን ወይም ከፊል አኒሊን ከሆነ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ማጽጃና መከላከያ ግዙ፤ የተለመደውን አትጠቀሙ። ቁጠባ የማያዋጣበት ቦታ ይህ ነው። አሮጌ ክላሲክ ከሆነ ኮንዲሽነሩ ይቅደም፤ ግን ስፌቱ ዘይት ሳይጠግብ አቁሙ። ክር በዘይት ሲነከር ሊላላ ይችላል።

የወንበር ልብስ ላልብሰው ለሚል ሰው ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በብዙ መኪና የጎን ኤርባጉ ያለው ወንበሩ ውስጥ ነው። የሚወጣው ተለይቶ እንዲቀደድ የተሠራን ስፌት ቀድዶ ነው። ያንን ጎን የሚሸፍን ልብስ፣ ወይም ስፌቱን በሙጫ የሚያጠናክር «ጥገና» ኤርባጉን ሊያግደው ይችላል። ወንበሩ ጎን ላይ የኤርባግ ምልክት ካለ ለዚያ መኪና የተሠራ፣ የጎኑን ቦታ ክፍት የሚተው ልብስ ካልተገኘ ባዶውን ይቅር። ያ ስፌት የተለቀቀም እንደሆን ሥራውን ስለ ኤርባግ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡ።